መሬት የነካ ሽቦ

ጉጉፍቱ ላይ ነጋ። ጉም መንገዱን ውጧል፣
ካምፑንም፣ ድንኳኑንም፣ ጠጠሩንም ሰውሯል፤
የኤክስካቫተሩ ክንድ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ይታያል፣
አካፋው ላይ ያደረው ውርጭ ጨው የነሰነሱበት መስሏል።

ከኮምቦልቻ በሲኖትራክ ሌሊቱን ሙሉ መጥቼ፣
ቴስተሬን ከጃኬቴ ስር እንደ ጫጩት ሸጉጬ፣
«የታለ በሽተኛው?» አልኩ።
ጥበቃው ጋሽ እብሬ ሳቀ፦
«እሱማ ተኝቶ ይቀለባል፤ የኛ አበል ነው ያለቀ።»

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ገና አልተነሳም፤
ብረቱን በመዳፌ ብዳስሰው ከበረዶ አይሻልም።
ስክሪኑ ግን ቀይ አብርቶ ይጮሃል፦
መቶ ሠላሳ ዲግሪ! ሞተሩ ነዷል!

«ይኸው ነው» አለ ሙሄ፣ ኦፕሬተሩ፣ በሩን ተደግፎ፣
አራት ቀን ያልተላጨ ጺሙ ላይ ጤዛ አርፎ።
«ውሃ ሳታይ አነደድከው ብለው ደሞዜን ሊቆርጡ ነው።
ሴንሰሩን ሦስቴ ቀየሩት፤ የሦስቱም ቃል ያው ነው።
አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞቷል አሉ፤
ከውጭ ይመጣል፣ ዋጋውን ከኔ ጋር ያወራርዳሉ።»

ሦስት ምስክር አንድ ቃል፣ ፊደል ሳይዛነፍ፣ ካለ፣
ወይ እውነት ነው፣ ወይ ከጓሮ የሚያስጠናቸው አለ።
አባቴ ለሽምግልና ሲቀመጥ እንዲህ ያደርግ ነበር፦
ምስክሩን ከደጅ አውጥቶ፣ ዝም ብሎ ይሰማል፤
ሰውየው ወጥቶም ወሬው ቤት ውስጥ ይቀር እንደሆን ያያል።

ሶኬቱን ነቀልኩት። ሴንሰሩ ከመስመሩ ተለየ።
ደንቡን አውቃለሁ፤ የሚናገር ከጠፋ
ስክሪኑ ከዜሮ በታች አርባ ይላል፣ በብርድ ይከፋ።
«አዙር!»
ሙሄ አዞረ።
መቶ ሠላሳ።
ከደጅ የወጣው ምስክር ከቤት ውስጥ ተናገረ።

እንግዲያው ሴንሰሩ ንጹሕ ነው። ውሸቱ መንገድ ላይ ነው።
ባትሪውን ፈታሁ፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት አወጣሁ፣
የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከሽቦው፣ አንዱን ከሻሲው አገናኘሁ።
ጢ — ጥ።
መገናኘት የማይገባቸው ሁለቱ፣ የሆነ ቦታ ይነካካሉ።
«ጩኸቱ ሲቋረጥ ንገረኝ» አልኩና ገባሁ ከሆዱ፤
ሽቦውን እንደ ተስቢህ እየቆጠርኩ፣ እያንቀጠቀጥኩ በየክንዱ፣
ከሴንሰሩ ወደ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው ወደ ዲናሞው…
«ተቋረጠ!»
ጣቴ የቆመው ከዲናሞው ጀርባ፣ ከማቀፊያው ስለት ነው።

ሰማያዊው ልባስ ተገዝግዞ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል
መዳብ አፍጥጣ ታየች።
ኤንጅን በተንቀጠቀጠ ቁጥር ብረቱን ስትስም ኖራለች።
በኛ ሙያ ሻሲው «መሬት» ነው ስሙ፤
ስድስት ዓመት መሬት ሲቆፍር የኖረው
መሬት ነክቶት ነው መታመሙ።

እዚህ ላይ ልሳቅ ስል ቴፑን አየሁት።
ጥቁር ቴፕ፣ ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠ።
እንደዚያ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላውቅም።

ባለፈው ሐምሌ፣ በዝናብ፣ ዲናሞውን ቀይሬ፣
የደሴ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ፣ በችኮላ ታውሬ፣
ማሰሪያዋን ኪሴ ውስጥ ትቼ፣ ሽቦውን በስለቱ ላይ አሳልፌ፣
«ይይዛል» ብዬ ሄድኩ።
ማሰሪያዋ ዛሬም በዚሁ ጃኬት ኪስ ናት፤ ዳበስኳት።

ሸፈንኩት። አሰርኩት፣ ሁለት ቦታ። ከብረቱ አራቅሁት።
ሙሄ አስነሳ፤ ጭሱ ከጉሙ ተቀላቀለ።
ሦስት ዲግሪ።
ቆየት ብሎ አምስት። አሥር።
ሙሄ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እንደ ሕፃን፣ እስከ ሃያ፤
እኔ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ እቃ እሰበስባለሁ በዚያ።

ፎርማኑ ወረቀት አመጣ። «የብልሽቱ ምክንያት» ይላል፣
ከስሩ አንድ ባዶ መስመር።
እስክሪብቶው በብርድ ደርቋል፤ ብዙ ተነፈስኩበት።
ከዚያ ጻፍኩ፤ ስሜንም ወሩንም ጨመርኩበት።

«ምን አገኘህበት?» አለኝ ጋሽ እብሬ፣ ማንበብ አይችልም።
«መሬት የነካ ሽቦ።»
«መሬት የነካማ ይበቅል ነበር» አለና
ዱላውን ወደ ጉሙ ሰብቆ ሄደ።
የቀረውን መስመር አላነበብኩለትም።