ሁለተኛው ጉርሻ

ሉቨን። ረቡዕ ማታ። ዝናቡ አላባራ፤
ብስክሌቴን አሰርኩ ከመብራት ግንድ ጋራ።
በኪሴ ዘጠኝ ዩሮ፣ በሆዴ ባዶነት፣
ከኮፒ ቤቱ ጎን ካለች ጠባብ ምግብ ቤት
ገባሁ።

መነጽሬን ጉም ዋጠው። ተማሪው ተጣቦ፣
ከሸክላ የሚፈላ ቀይ ሾርባውን ከቦ።
«ቢቢምባፕ» አልኩኝ፤ «እንቁላሉ ይቅር፣
ጾመኛ ነኝ።» እትዬ ኦክሱን፣ ሳታበዛ ነገር፣
ደረደረች፦ ፍጅል፣ የአኩሪ አተር ብቅል፣
ስሙን የማላውቀው የባሕር ቅጠል፤
ጎመን በበርበሬ፦ «ዓሣ የለበትም።»
ስጨርስ ሞላችው። ሂሳብ የለበትም።

የብረቱ ዘንግ ግን አልታዘዝ አለኝ፤
አንዲት የብቅል ራስ ተፈናጥራ ጥላኝ
ከዮሪስ ደብተር ላይ፣ ከቀመሩ መሃል፣
አረፈች። ሳቀና፦ «መቀነስ ትመስላል።»

እጇን ጠርጋ መጣች። ቅጠል መዳፏ ላይ፣
ሩዝና ቶፉ ከታች፣ ቃሪያና ድልህ ከላይ፤
ጠቅልላ «አ!» አለች፣ የራሷን አፍ ከፍታ።
ጎረስኩ። አስለቀሰኝ የቃሪያው ሰላምታ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ልላት፣ በየት ቋንቋ?
ሁለተኛውን ያዘች፣
ሳልነግራት አውቃ።