ላሟስ የት ዋለች?

ከኪችነር ሐዲድ ማዶ፣ ጎማ ከሚሸጠው ጎን፣
የውሻና የድመት ሐኪም ቤት አለ። ሌሊቱን
እኔ ወለል አጥባለሁ፣
ማሊዋን መርፌ ትወጋለች፣
ኦትማር ስልክ ያነሳል፣ ጥርሱን በስንጥር እየፋቀ፤
የሦስታችን እንግሊዝኛ ሦስት ቦታ እያነከሰ፣
አንዱ በሌላው እየሳቀ።

ኦትማር ዕድል ሲቀናው «አሳማ አለኝ» ይላል፤
ጠጥቶ ባደረ ማግሥት «ወንዴ ድመት ይዞኛል»።
የታሰሩት ድመቶች ቀና ብለው ያዩታል።
ቤቱ ሩቅ ነው፤ የት እንደሆነ ስትጠይቀው፣
«ቀበሮና ጥንቸል ደኅና እደር የሚባባሉበት ነው።»
እኔ እውነት መስሎኝ፦ «ማነው ቀድሞ የሚለው?»
ማተሚያው ወረቀት ነክሶ አልለቅም ሲል፣ ከፍቶ ጥፋቱን ሲያገኝ፣
«ውሻው የተቀበረው እዚህ ነው!» ብሎ አስደነገጠኝ፤
መወልወያዬን ጣልኩ።

ማሊዋን ደግሞ ለአንዲት ቁንጫ ሦስት ዓይነት ክኒን ሲታዘዝ፣
«ዝሆን ጋለቡ» ትላለች በሹክሹክታ፣ «ፌንጣ ለመያዝ»።
ከነብር ሸሽታ አዞ ጋ እንደደረሰች አጫውታናለች፤
ነብሩ ማን እንደነበረ ግን ዘላ አልፋዋለች።
አዞው የቤት ኪራይ ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አንድ ሌሊት በውሾቹ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቼ አገኘችኝ፤
እኔም መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ስታለቅስ ሰምቻት ነበር።
«ዶሮ የእባብን እግር አየች» አለችኝ፣
«እባብም የዶሮን ጡት።»
ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም።

«ባንቺስ አፍ የትኛው አውሬ ያድራል?» አሉኝ ተራዬ ሲደርስ።
የአህያ ባል ከጅብ እንደማያስጥል ስነግራቸው
ማሊዋን ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቆመ፣ ዓይኗ ውስጥ ነብሩ ሲመለስ።
«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ስል፣ ኦትማር «ኩበት ምንድን ነው?» አለ፤
አስረዳሁት። አፍንጫውን ያዘ። ቆይቶ ግን ኮስተር አለ፦
«ላሟስ የት ዋለች?»
ስንት ዘመን ስተርተው፣ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።
እኔም አላውቅም።

በየካቲት የኦትማር ውሻ ሞተች።
ስሟ በአገሩ ቋንቋ ትንኝ ነው፤ እሷ ግን ጥጃ ታክል ነበረች፤
ለሁለት ነው ከጠረጴዛው ያወረድናት።
መሬቱ ድንጋይ ሆኗል፣ ዶማ አይገባውም እስከ ሚያዝያ፤
በነጭ ከረጢት ጠቅልለን ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርናት፣
ከክትባቱ ወዲያ።
ማተሚያው ዳግመኛ ነከሰ። ከፍቶ አየው፣ ጥፋቱንም አገኘ፤
ምንም አላለም።

ዝምታው ሲከብደኝ ነው ያ ተረት ከአፌ ያመለጠኝ፦
ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ»
አለ አልኳቸው። ቁርበት መብላቱን ደበቅኩ።
ማሊዋን ከመደርደሪያው የውሻ ምንጣፍ ጎትታ አነጠፈችው፤
ሦስታችን ተቀመጥን፤
ጅቡ ማን እንደሆነ አልተጠያየቅንም።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት፣ ከዋተርሉ፤
በቀቀኗ ድንገት መናገር አቁሟል።
ኦትማር ስንጥሩን ከጥርሱ አውጥቶ ትንሽ አሰበና፣
«በየትኛው ቋንቋ?» አላት።