ደንቆሮ

ይሄን ልጅ ማን ላከው? ማን ነው የጣለብኝ?
የትኛው ጠላቴ በስለት አመጣብኝ?
ሦስት ሰዓት ሞላ፤ የከዚራ ፀሐይ ቆርቆሮውን አፈላች፣
ፍየሏም ከኒሙ ሥር ምላሷን አውጥታ ተኛች፤
እሱ ይሄኔ ሰንደሉን ይጎትታል፣ በአሸዋ በኩል ዞሮ፣
አንዱን ሰላም ሲል፣ አንዷን ሲያስቅ… ደንቆሮ!

አስራ ሦስት ቁልፍ ስለው፣ አስራ ሰባት ያቀብላል፤
ካቻቢቴ አምጣ ስለው፣ ፒንሳ ይዞ ይቆማል።
"ደንቆሮ!" እለዋለሁ። ይስቃል።
ስድብ የማይዘውን ሰው ምን ያደርጉታል?

"ዘርጋው ክፉ ነው" ሲሉ በዓይኔ አያለሁ።
ሒሳብ የካደኝን ባለባጃጅ መፍቻ ይዤ ተከትያለሁ፤
እስከ ደቻቱ ድልድይ አባረረው ይላሉ፣
እስከ ዳቦ ቤቱ ነው። ያጋንናሉ።

ግን አንድ ነገር አይክዱኝም፤ ጆሮዬን።
ቤቴን ያቆመውን፣ የልጆቼን እንጀራ፣ ጆሮዬን።
ፔጆ አራት መቶ አራት ከመስጊዱ ማዶ ማርሽ ሲቀይር፣
እዚህ በርሜል ላይ ተቀምጬ "ሦስተኛው ቢየላ!" እል ነበር፤
ሲፈቱት እንዳልኩት ነው። የባቡር መካኒክ እንኳ
ኩራቱን ውጦ ሊጠይቀኝ ይመጣ ነበር፤
"ዘርጋው ብረት ያናግራል" ይባል ነበር።
ነበር።

ካቻምና፣ ጎርፉ አልፎ ደቻቱ አሸዋውን በገለጠ ሰሞን፣
ከአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ ገባ፣ ሾፌሩ የእሳት ልጅ፤
"ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቶሎ በል" ባይ፣ ጥሩንባው ላይ እጅ።
ነዳጅ ሰጠው። ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁ።
ወንዝ ሰማሁ። ሩቅ፣ ድፍርስ ወንዝ። ሌላ ምንም አልሰማሁ።
ቢየላው፣ ቫልቩ፣ ቦምባው፣ አርባ ዓመት በስም የማውቃቸው፣
አንድ ጭቃ ሆነው ፈሰሱ፤ ብጣራ አቤት አላለኝም አንዳቸው።
ሰዉ ከቦኛል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።
ምን ይባላል?

ያኔ ከመኪናው ሥር፣ ዘይቱ ውስጥ ተንጋሎ፣
ረምዚ ቁርጭምጭሚቴን በቁልፍ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣
አንዴ፣ ሁለቴ መታኝ።
ልሳደብ ጎንበስ ስል ጣቱን ጨለማው ውስጥ አየሁት፤
ወደ ቦምባው ጠቁሟል። ዓይኑንም አየሁት።
"ቦምባው ነው!" ብዬ ጮኽኩ፣ እንደ ድሮው፣ ሳልጠራጠር።
ቦምባው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ምት ቫልቭ፣ ሁለት ቦምባ፣ ሦስት ካምቢዮ ማለት ሆነ፤
ረጅም ጭረት ደግሞ "ይሄኛው አይከፍልም፣ ቀብድ ተቀበል" ሆነ።
አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንበትም።
ደሞዙን ጨመርኩለት፤ ለምን አላለም፣ እኔም አልነገርኩትም።

የገባኝ ዘግይቶ ነው፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ፤
ለካ "አስራ ሦስት ነው ያልከው ወይስ አስራ ሰባት?" ሲለኝ
"አዎ!" እያልኩት ኖሯል። "አዎ! ፍጠን!"
ለልጁ የሸለምኩት ስም፣ ለካ የራሴን።
መዘግየቱ ግን የራሱ ነው። እሱን በጆሮዬ አያሳብብ።

ሦስት ተኩል። የዶልፊኑ ሾፌር "ምን ሆነ?" ይላል፣ ይመስለኛል።
"ሞተሩ ይቀዝቅዝ" እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ።
እጄ ቆርቆሮው በር ላይ ነው። ነዘረኝ።
በሩን በእግሩ የሚመታ እሱ ብቻ ነው፤ መዳፌ ነገረኝ።

"የት ነበርክ አንተ ደንቆሮ!" መንደሩ ሁሉ ሰማ፣ ከእኔ በቀር።
ሳቀ። በጋዜጣ የጠቀለለውን ሳምቡሳ ሰጠኝ፤ ትኩስ ነበር።
ቱታውን ሳይቆልፍ ከመኪናው ሥር ገባ።

"አስነሳው" አልኩት ሾፌሩን።
ካልሲዬን ዝቅ አደረግኩና
እግሬን ወደ ጎማው አስጠጋሁ።