ውኃ መጣ ወይ?

ቱሉ ዲምቱ ዳር ነን፤ የመጨረሻው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውኃው ማክሰኞ ነበር፣ ይኸው ሐሙስ ሆነ፣ መች እንደሚለቅ!
በርሜሌን ከቧንቧው ሥር አስጠግቼ፣
ስልኬን ጭኔ ላይ፣ እግሬን ዘርግቼ
እጠብቃለሁ።
ከቧንቧው አፍ አየር ይወጣል፣ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤
ከስልኩ ውስጥ አገር ይወቅሳል፣ አገር ይከሳል።

ቀን ቀን መድኃኒት ነው የምሸጠው፤
ሌሊት ሌላ ሥራ አለኝ፣ ማንም የማያውቀው።
ሁለት ቀን ሠልጥነናል በሆቴል አዳራሽ፣
ቦርሳና እስክሪብቶ፣ የታክሲ አበል ሲመሽ።
አቶ ምንውየለት ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣
«ጥላቻ ሲከራከሩት አልበረደም፤ ባሰ፣ ከረረ።
አትስበኩ፤ አትሳደቡ፤
ጠይቁ። ሲመልስ አንብቡ።
ቆይታችሁም ደግሞ ጠይቁ» ነበር ያለን።
ስድስት ወር ሞላ፣ ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ተበተንን።
የቦርሳዬ ዚፕ ተገነጠለ፤
ልማዱ ግን ጣቴ ላይ ዋለ።

አንድ ቪዲዮ አለ፤ የተቃጠለ ቤት፤
ከሥሩ ሺህ አስተያየት።
«ይበላቸው» የሚል፣ «ገና ነው» የሚል፣ ሳቅ የሚያወርድ፤
መሀል ላይ አንድ ልጅ፣ ስሙ «እሳቱ»፣ እንዲህ የሚያነድ፦
«አድራሻ ስጡኝ። መሮኛል ወሬ።
ነገ አትበሉኝ። ዛሬ።»
ልቤ ደነገጠ። ከዚያ ሁሉ ፉከራ
የሱ አጠረ። አጭር ነው የሚያስፈራ።

በውስጥ መስመር ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ደግሜ ጻፍኩ።
«ወንድሜ ሆይ» አልኩና፣ ሰባኪ መሰልኩ፣ ተውኩ።
«ሕግ አለ» ልል ስል ፖሊስ ሆነብኝ፤
የማን ወገን ነህ ልለው፣ እጄን ያዘኝ።
ያን ጊዜ ቧንቧው አጉረመረመ፤
ጠብታ ተፋና መልሶ ታመመ።
ከእንቅልፍና ከድካም ተርፎ የመጣልኝ ቃል፦
«እናንተ ጋ ግን ውኃ መጥቷል?»

ዝም።
ሦስት ነጥብ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብቅ።
«ማን ልበል?»
«በርሜል የምጠብቅ።»
«የት?»
«ቱሉ ዲምቱ።»
ቆየ። በጣም ቆየ።
«እኛም ጋ አልመጣም። እናቴ ታማለች፤ እኔ ነኝ የምጠብቀው፤
ፈረቃው ማክሰኞ ነበር፤ እንጃ ማን እንደሰረቀው!»

ሳቅሁ፣ ብቻዬን፣ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት።
አገር ሊያነድ የተነሣ ልጅ፣ ከኔው ጋር ቧንቧ ሲጠብቅ ባንድ ሌሊት!

አወራን። ስለ ጋሪ ውኃ፣ ጀሪካን ስንት እንደገባ፤
እናቱን አዝሎ አራት ፎቅ፣ ከሐኪም ቤት ሲገባ፤
ኪኒኗ ከምግብ በፊት ነው ወይ በኋላ፣
(ይሄ ሙያዬ ነው) «እህል ስትበላ»
አልኩት። ስለ ጋሽ ቶሌራም ውሻ፣ ዝናብ ሲመጣ
ደረጃ ሥር ስለሚተኛው።
ስለ ቪዲዮው ትንፍሽ አላልኩም። ፈራሁ እንጂ፣ ጥበብ አይደለም።

ሊነጋ ሲል ግን፣ ሳልጠይቀው፣
«ያ ቤት ደጁ ላይ በርሜል ነበረው፤
ሰማያዊ። አይተሽዋል? የኛን ይመስላል።
ቀልጦ፣ እንደ ሻማ አጎንብሷል።»
ምን ይመለሳል? «አይቼዋለሁ» አልኩ።
ከዚያ፦ «መጣ! መጣ!»
ወዲያው የኔም ቧንቧ ሳለ፣ አረፋ ይዞ ወጣ።

በመስኮት አየሁ፤ ፊት ለፊት ብሎክ፣ አንድ መብራት፤
ቀጭን ትከሻ፣ ጀሪካን፣ ወዲያ ወዲህ ማለት።
እሱ ይሁን፣ ሌላ ውኃ የጠማው፣ አላውቅም።
ጠዋት አስተያየቱን ፈለግሁ፤ የለም።
ሌሎች ሦስት ግን አሉ፣ በሌላ ቪዲዮ ሥር፣
እንደዚያው አጭር።

ማክሰኞ ማክሰኞ እጽፋለሁ፤
አንዳንዴ ይመልሳል፤ አንዳንዴ በርሜሌን ብቻ እሞላለሁ።
ስሙን አልቀየረም፤ ዛሬም «እሳቱ» ይላል፤
እኔ ስልክ ላይ ግን «የውኃው ልጅ» ተብሎ ተጽፏል።