ሞግዚት

ሌክ ሰክሰስ ይሉታል፣ ትርጉሙ የስኬት ሐይቅ፣
ሐይቁን ግን አላየሁ፤ የት እንዳለም አላውቅ።
አስፋልት፣ አውቶቡስ፣ በረዶ ያረገዘ ሰማይ፣
ዝቅ ያለ ፋብሪካ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ።
በጦርነቱ ጊዜ በዚያው ጣራ ሥር
ቦምብ እንዳይስት የሚያደርግ መሣሪያ ይሠራ ነበር።
አሁን ማሽኑ ተነሥቶ ወንበር ተደርድሯል፣
ግድግዳው ግን የዘይት ሽታ እስካሁን ቋጥሯል።

እኔ ሰልማ ነኝ፤ ብሩክሊን ያደግሁ የዳንቴል ነጋዴ ልጅ፣
ጨርቅ እንጂ አገር ሲለካ አላየሁም ከኛ ደጅ።
በስምንት ዶላር ለአንድ ቀን ተከራየ አፌ፣
ለአንድ ሽማግሌ ልናገር፣ ከጎናቸው ተለጥፌ።

ሐጂ ሚፍታህ ይባላሉ። ‘ሚፍታህ’ ማለት ቁልፍ፤
ሦስት ጦር ያለፈበት ቤታቸው የለውም ደጃፍ።
አገራቸውን አልጠራም፤ ተምር አላት፣ አሸዋ፣ ወደብ፤
ለተምሯ አይመስለኝም ይህ ሁሉ ጎረምሳ ዙሪያዋን ሲከብብ።

በሩ ላይ ዘበኛው ካፖርታቸውን ዳሰሰ፣
የዛገ ብረት አወጣ፤ ‘ምንድን ነው?’ ሲል ዓይኑን ወደኔ መለሰ።
‘የእህቴን ልጅ እግር የወሰደው’ አሉ በዝግታ፤
ተረጎምኩ። ዘበኛው ካርድ ሰጠኝ በብረቱ ፈንታ።
ቁጥር አርባ ሰባት። ‘ሲወጡ ይረከባሉ።’
ሕጉ እንዲያ ነው፤ ስለታም ነገር አይገባም አሉ።

አራት ነበሩ ታላላቆቹ፤ ትናንት አብረው የዘመቱ፣
ከአንድ ጋን የጠጡ፣ አንድ ጠላት የመቱ፤
ዛሬ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ፣
እያፋጩም ‘ክቡር ባልደረባዬ’ ይባባላሉ።
‘ሕፃን ናት’ ይላል አንዱ፣ ‘መራመድ አልቻለችም ገና፣
አሥር ዓመት ልያዛት፣ ጉልበቷ እስኪጠና።’
‘አንተ ከያዝካትማ’ ይላል ሌላው፣ ‘መቼም አትለቃትም፣
ከኔ ጋር ትደግ እንጂ፤ እኔ ቤት አትራብም።’
ሦስተኛው አየር ማረፊያውን፣ አራተኛው ወደቡን፣
በቀይ እርሳስ ሲከቡ አየሁ ካርታውን።

‘ሞግዚት’ የሚለው ቃል ሃያ ሰባቴ ተነሣ፤
ጣቴ አልቆብኝ በቀሚሴ ዳንቴል ጥርስ ቆጠርኩ ሳልረሳ።
‘አሳዳጊ’ አልኩ በሹክሹክታ፣ ለሐጂ ስተረጉምላቸው፣
‘ወላጅ የሞተባት የት ያለች ናት?’ አሉኝ። ዝም አልኳቸው።

ማታ ሊሆን ሲል ለሐጂ አሥር ደቂቃ ተሰጠ፤
ካፖርቱ የተውሶ ነው፣ እጅጌው ጣታቸውን ዋጠ።
ውኃ ቀመሱ። ቢስሚላህ። ወረቀቱን አጠፉት፣
የተጻፈላቸውን ንግግር ኪሳቸው ከተቱት።

‘ነፃነት ልለምን አልመጣሁም፤ እሱ የሚለመን አይደለም፣
ለምኖ የወሰደውን ሰው አላየሁም በዓለም።
የመጣሁት ለካርታ ነው። በተምሬ ግርጌ ፈንጂ
ቀብራችኋል። ያንዳችሁ ቢሆን ባልመጣሁ፤ የሁላችሁም ነው እንጂ።
የሸሸው ቀበረ፣ ያሳደደው በላዩ ቀበረ፣
ተመልሶ የሸሸውም ያለውን ጨመረ።
ማረሻ ከቆመ ስድስት ዓመቱ፤ በጉ በረቱን አይለቅም፣
ልጅ እንኳ ኳስ ቢያመልጠው ተከትሎ አይሮጥም።
ባለፈው ሰው ሞተብን፤ ለመቃብር ስንቆፍር
ሁለት ቆፋሪ ጨመርን፤ ሦስት ሆኑ በአንድ አፈር።
የወደቡ ካርታ ያውና ተሰቅሏል፣ ከነጥልቀቱ፤
የቀበራችሁበትንስ ማን ይዟል? ከመካከላችሁ የቱ?
ሞግዚት ነኝ ያለ እሱን ያምጣ። ልጅ የሚያሳድግ ሰው
መጀመሪያ ከደጁ እሾኽ ነው የሚለቅመው።’

አራቱም ጻፉ። ሰብሳቢው ‘ተመዝግቧል’ አለ፣
‘አራት ደቂቃ አትርፈውልናል’ ብሎም ምስጋና አከለ።
ከዚያ ወደ አጀንዳው፤ ከአሥር ዓመት ስምንቱ ይሻላል፣
የማን አውሮፕላን ያርፋል፣ የማን መርከብ ይጠለላል።

ስንወጣ ዘበኛው ሌላ ነው። ካርዱን ሰጠሁት፤
ሳጥኑን ፈትሾ ‘የለም’ አለኝ፣ ‘ቆሻሻ መስሏቸው ጣሉት።’
የቀኑን ብቸኛ ሳቅ ሳቁ ሐጂ፣ ካፖርቱን ደርበው፤
‘ተይው ልጄ’ አሉኝ፣ ‘አገር ቤት ሞልቶናል፤ ማን ቆጥሮ ጨረሰው።’