ያልተበላ ቃታ

ሠራተኛ ሰፈር ቁልቁል ሲወረድ
ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ፣ ብረት በሞረድ፤
በሯ ጎንበስ ታሰኛለች፤ አንድ አምፖል፣ አንድ ወንበር፣
ጋሽ ማንያዘዋል ከዚያ አይታጣም ነበር።
ስሙ ያስቀኛል፤ እውነት ማን ያዘዋል?
ሰላም ያለውን ሰው እንዳልሰማ ይተዋል።

"ፈቃድ!" አለኝ በፊት።
በስሜ የዞረ፣
ዓመት ያንከራተተኝ፣ በማኅተም የታጠረ
ወረቀቴን ሰጠሁት።
ከብረቱ ቁጥር ጋር አንድ በአንድ አስተያየ፤
"የአባትሽ ነው?" አለኝ፤ ፊቴን ቆሞ አየ።

"ወርቅ ቤት ነው ሥራዬ፣ ፒያሳ፣ ሚዛን ላይ፤
ሁለቴ ዘረፉን፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ።
ለእጄ አስተካክልልኝ።"

መዳፌን በክር ለካ፣ እንደ ጓንት ሰፊ።
"ማካሮቭ ትቀላለች፤ አትሻልሽም?" አለ፤
"ስታርም ደግ ናት። ይኼ ኮልት ግን፣ ያው፣
ከባድ ነው፣ ግትር ነው፣ የዱሮ ሰው ጠባይ አለው።"
"ይኼኑ ነው" አልኩት።

"እንግዲያውስ ስሚኝ፤ የዚህ ደጉ ነገር
ዕቃው ተለዋዋጭ ነው፤ ማንም ቢሠራው፣ የትም አገር፣
ከአንዱ ነቅለሽ ለአንዱ ብትሰኪው ይገባዋል፤
ወንድሙ የሆነ ሁሉ አጥንት ያበድረዋል።"

ፈታው። በአሮጌ ጋዜጣ፣ በሙት ዓመት ገጹ፣
ብሎኑ፣ ሞላው፣ መዶሻው አንድ በአንድ ተሰጡ።
"እጀታው ይውጣልሽ። ቀንድ ልሥራ? ጎማ?"
ቀንድ በላብ ይከዳል፤ ጎማውን አልወደድኩት፣
የታክሲ መሪ መሰለኝ። "ወይራ ይሁን" አልኩት።
"ሞላው ደክሟል፤ ሲጫኑት ያቃስታል፤ ይለወጥ።
ማነጣጠሪያውም እንዲሁ፤ ነጭ ነጥብ ይቀመጥ።"

አንድ ዕቃ ባነሣ ቁጥር አባቴ ቀነሰ፤
ሲኒማ ቤት በር ላይ፣ ካፖርት የለበሰ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ዘበኛ የነበረ፣
አንዲት የሐምሌ ሌሊት ሲተርክልን የኖረ።
ጣሪያው ላይ ሌባ ነበር። ዝናብ። ሦስቴ ተኮሰ።
(ገና በመጣ ቁጥር ሌባው እየበዛ፣
አሥረኛ ክፍል ስገባ አምስት ደረሰ።)

ጋሽ ማንያዘዋል አፈሙዙን ወደ አምፖሉ አሻግሮ አየ፤
ጨርቅ ሰደደበት፤ ደግሞ አየ፤ ቆየ።
"ይኼን ስሚ፣ ልጄ። ጫፉ በአፎት ተልጧል፣
እጀታው በአውራ ጣት እንደ ደረጃ ጎድጉዷል፤
ውስጡ ግን ቅባቱ ደርቋል፣ ከፋብሪካው እንደ መጣ፤
ቃታውም አልተበላ። ከዚህስ ጥይት አልወጣ።"
"ሦስትስ?" አልኩት።
"አንድም።"

ሳቅሁ። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
አምስቱ ሌቦች ታዩኝ፣ አንድ በአንድ ከጣሪያው ሲወርዱ፣
ውኃ ጠብ እያለላቸው ወደየቤታቸው ሲሄዱ፤
አባቴም ከታች ቆሞ፣ ያ ወፍራም ጣቱ ተንጠልጥሎ።
ፈርቶ ይሁን ራርቶ፣ ብረት አይናገርም።

"ቃታው ይከብዳል፤ ለጣትሽ ላለስልሰው?"
ሞረዱን አንሥቷል።
"ተወው" አልኩት። "ሌላውን እንዳልከው ለውጠው፤
ይኼ ግን ይክበድ።"
ለምን አላለኝም። ገጠመው።

ከሳምንት በኋላ ወሰድኩት። ወይራው ገና ይሸታል፤
እጄ ላይ ልክ ገባ፣ እንደ ለመድኩት ጫማ ይመቻል።
የወጣውን ዕቃ በከረሜላ ጣሳ ሰጠኝ፤
ጎድጓዳውን እንጨት ግን ለብቻው፣ በጨርቅ ጠቅልሎልኝ።
"ገላ ቢገኝለት፣ ከዚህም ሌላ ኮልት ይወጣል" አለኝ፣
"የትኛው የአባትሽ እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቂኝ።"

አቀበቱን ወጣሁ። ካፊያ ጀምሯል። ታክሲ ውስጥ፣
ረዳቱ "ሒሳብ!" ሲል፣ ቦርሳዬን ስበረብር፣
እጄ ሳንቲም አጣ፤ እንጨቱን ነካ፣ ያንን ጎድጓዳ፣
አባቴ በአውራ ጣቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት የቆፈረውን።
የኔን ከተትኩበት።
ሰፋኝ።
"እናት፣ ሒሳብ!" አለ ረዳቱ ደግሞ።