ሁለት ገመድ

ከደብሩ ጫካ እስከ ሐይቁ ዳር፣
ድሮ አንድ ነበረ አሉ፣ ዋንዛ ከዋንዛ ሲነጋገር፤
ጉሬዛ ከቅጽሩ ተነስቶ ረፋድ ላይ፣
ጣና ድረስ ሲዘልቅ አፈር ሳይረግጥ፣ ምድር ሳያይ።
ይህን ያየሁ አይደለሁም፤ ሲሉ የሰማሁት ነው፣
እኔ ስወለድማ መሃሉ በቆሎ፣ ዳሩ ዳጉሳ ነው።

ለእኔ የደረሰኝ፣ ከአያቴ የወረስሁት፣
አንድ ምንጣፍ ነው፣
ስምንት የጉሬዛ ቆዳ የተጋጠመበት፤
ጥቁሩ እንደ ሌሊት፣ ነጩ እንደ ጥጥ የጠራ፣
ለእንግዳ የሚነጠፍ፣ ቤቱን የሚያኮራ።

ማማ ላይ ነው ያደግሁት፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣
ወንጭፍ በእጄ፣ ዓይኔ ከበቆሎው እሸት።
ጦጣ ሰዓት ታውቃለች፤ ምሳዬን ስጀምር ትመጣለች፣
አንዱን ትበላለች፣ አምስቱን ሰብራ ትሄዳለች።
ሰድቤያታለሁ። ወግሬያታለሁ። አንድ ቀን
ልጇን ያዘለችውን መትቼ፣ እንቅልፍ አጣሁ ሰሞኑን።

ስድስት ዓመት ሆነው፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣
ስብሰባ ተጠራን፣ ዋንዛው ሥር፣ ሣሩ ላይ።
ከባሕር ዳር የመጣች፣ ቢያድግልኝ የምትባል፣
ጫማዋ ጭቃ ያውቃል፣ አፏ ቃል ይቆጥባል፤
«ሁለት ገመድ ስጡ» አለች፣ «ከየማሳችሁ ጫፍ፣
ደብሩና ሐይቁ እንዲገናኙ በዛፍ።
እዚያ የታጎሩት ጉሬዞች ሃያ ሦስት ናቸው፤
ሰባት ቤት ቆጥረው የሚጋቡት የላቸው።»

አጉማስ ተነሳ፣ ዱላውን ተክሎ፣
«አራት ወንድ ልጅ አለኝ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣
«ለአንዱም ጎጆ መውጫ የምሰጠው ጥማድ የለኝ፤
ለጦጣ አውርስ ነው እንግዲህ የምትዪኝ?»
ማንም አልሳቀም። እሱም ለማሳቅ አልነበረም።
ቢያድግልኝም ቶሎ መልስ አልሰጠችም።

ከወደ ኋላ ነው፣ እማሆይ ወለተ ሐና፣
ሳል እያቋረጣቸው፣ በዚያ በለመዱት ትሕትና፦
«ዝንጀሮን እሾህ ወግቷት፣ የቱ ይነቀል ቢሏት፣
መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ብለን ሳቅንባት።
እኛስ ዕድሜ ልካችንን ድንበር ስንካሰስ፣
ሌላ ምን አልን? መቀመጫ፣ መቀመጫ፣ እስክንፈርስ።»

እኔ ሰጠሁ። ጽድቅ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር፤
ያቺ ጫፍ በየክረምቱ ጎርፍ የሚበላት ነበር።
አጉማስ አልሰጠም። በዓመቱ ግን፣ አንድ ሌሊት፣
አጥሩን ወደ ውስጥ ስቦ አንድ ገመድ ተወላት።
ለምን እንዳደረገው ማንም አልጠየቀው፤
አሁንም «አልሰጠሁም» ይላል፤ ማን ሊሞግተው።

ሾላ ተከልን፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት፣
እንቦጭ ከሐይቁ ጎትተን አበሰበስንበት።
ከአርባው ችግኝ መሃል፣ ፍየል፣ ምስጥና በጋ
ከተካፈሉ በኋላ፣ ለአሥራ ሰባቱ ነጋ።
ባለቤቴ ባንቺይርጋ ጀሪካን እያመላለሰች፣
«ልጆቼን እንኳ እንዲህ አላጠጣሁም» እያለች።

ታንኳ ቀዛፊው ጓዴ ከውኃው ላይ ያየዋል፤
«ከደብሩ እስከ ደንገሉ የተሰፋ ክር ይመስላል፣
አንዳንድ ቦታ ግን ስፌቱ ተተርትሯል» ይላል።
የተተረተረው በማን በኩል እንደሆነ ይታወቃል፤
ስም አልጠራም። ጎረቤት ነው። ለቅሶ ያደርሳል።

ጦጣ አልታረመችም፤ ዛሬም ትሰርቀኛለች፤
ሾላው ሲያፈራ ብቻ፣ ሁለት ሳምንት ትምረኛለች።
ማማውን አላፈረስሁም። ወንጭፉን ግን አሁን
ለድምፅ ነው የማጮኸው፣ ሳላጎርሰው ጠጠሩን።

ዘንድሮ፣ በጥር፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላስመታ፣
አጥሩ ላይ ዘርግቼ፣ አቧራውን በዱላ መታ መታ፣
ከላዬ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ቀና ስል፦ ጉሬዛ።
አራት። አምስት። የመጨረሻዋ ነጭ ግልገል ይዛ።
እኔ በተከልሁት ብሳና፣ ጅራታቸው እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ፣
ወደ ሐይቁ ሲያቀኑ፣ አንደኛው ቀረ ዘግየት ብሎ።
ወደ ታች ተመለከተ። እኔን አይደለም።
ምንጣፉን። ረጅም ጊዜ አየው።
ምን እንዳሰበ አላውቅም፤
እኔ ያሰብሁትን ነው የማውቀው።

እንደ ሌባ ተጣድፌ፣ ጠቅልዬ ቤት አስገባሁ፤
ስመለስ የሉም። ቅርንጫፍ ብቻ ሲወዛወዝ አገኘሁ፤
ከእኔ ብሳና፣ «አልሰጠሁም» ወዳለው ሰው ዋንዛ፣ ከዚያም ወደ ደንገሉ ዳር፣
ቅጠል በቅጠል፣
ገመዱ ሲረግብና ሲወጠር።